የክፍሉ ግድግዳ ወፎች፦ ከድሬዳዋ የፎቶ ኤዲት ማስታወሻ

መነሻ

እህቴ ድሬዳዋ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ልጆች ታስተምራለች። የክፍሏን ግድግዳ በአካባቢያችን ወፎች ፎቶ ለማስዋብ ተስማምተናል። ፎቶዎቹ በእጄ አሉ። ከደቻቱ ወንዝ ዳር፣ ከከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር፣ ከሐረር ሥጋ ተራ፣ ከሐረማያ ሐይቅ ዳር ያነሳኋቸው ናቸው። የቀረው ሥራ ለግድግዳ እንዲበቁ ማድረግ ነው። የማደርገውን እዚህ እየጻፍኩ እሄዳለሁ። ወፍ ማንሳት የጀመሩ ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ስለ ኤዲቱ ስለሆነ ለእነሱም ይጠቅማል።

መጠኑን አስቀድሜ ወሰንኩ። እያንዳንዱ ፎቶ 30 በ40 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በአንድ ኢንች 240 ፒክስል ይዞ ለማሳጠብ በረጅሙ ጎን 3,780፣ በአጭሩ ጎን 2,835 ፒክስል ገደማ ያስፈልጋል። ካሜራዬ 24 ሜጋፒክስል ነው፤ 6,000 በ4,000 ያወጣል። ስለዚህ ክሮፕ የማደርግበት (ጠርዙን የምቆርጥበት) ቦታ አለኝ፤ ግን ወሰን አለው። ሌንሴ 70–300 ሚሊ ሜትር ነው። ለወፍ ያጥራል የሚሉ አሉ። ለከተማ ወፍ ግን ይበቃል። የእኛ ወፎች ሰው ለምደዋል።

አስተያየት የምጠይቀው ፎቶ ከሚያነሱ ሰዎች ብቻ አይደለም። ወፎቹን በየቀኑ የሚያዩ ሰዎችንም እጠይቃለሁ። ኤዲት የተደረገውን ጭልፊት ያየ የሐረር ሰው «አዎ፣ እሱ ነው» ካላለ ፎቶው አላለቀም ማለት ነው።

ቅዳሜ፣ መልቀም

ዛሬ ሥራው መጣል ነው። እያንዳንዱን ፎቶ መቶ በመቶ አጎላና ዓይኑን አያለሁ። የወፉ ዓይን ጥርት ካለ ይቆያል። ካልጠራ፣ ክንፉ ምንም ቢያምር ይሄዳል። ክንፍ ቢደበዝዝ እንቅስቃሴ ነው ይባላል። ዓይን ሲደበዝዝ ግን ተመልካቹ ሌላውንም ነገር ማየት ይተዋል።

ደቻቱ አሸዋ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ያነሳኋቸው ማለት ይቻላል በሙሉ ወደቁ። ዝናብ በማይኖርበት ጊዜ ደቻቱ ደረቅ አሸዋ ነው። አሸዋው ሲግል ከላዩ ያለው አየር ይንቀጠቀጣል፤ በዚያ አየር ውስጥ የሚያልፍ ብርሃን ይጣመማል። ረጅም ሌንስ ደግሞ ያንን መንቀጥቀጥ አጉልቶ ያመጣዋል። ፎቶው ሲታይ ፎከስ የሳተ ይመስላል፤ ፎከሱ ግን ትክክል ነው። ሻርፕ ማድረጊያውን የቱንም ያህል ብገፋው ላባው አይመለስም፤ የተንቀጠቀጠው መስመር ብቻ ይደምቃል። እንዲህ ያለ ፎቶ ላይ ጊዜ አላጠፋም። ድሬ ላይ ወፍ ማንሳት የሚፈልግ ሰው ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለውን ጊዜ ይጠቀም። ከዚያ በኋላ ጥላ ውስጥ ያለ፣ ቅርብ የሆነ ወፍ ይፈልግ።

እሁድ ማታ፣ ጭልፊቱ

የሐረሩ ገበያ ግድር መጋላ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ጭልፊቶቹ ሥጋ ተራው ጣሪያ ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ቁራጭ ሥጋ ሲያዩ ከላይ ይወረወራሉ። የያዝኩት ፎቶ ጭልፊቱ ክንፉን ሰብስቦ ሲወርድ የሚያሳይ ነው። ሻተሩ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) 1/2000 ሰከንድ፣ አይኤስኦው (ብርሃን የመቀበል ኃይሉ) 800 ነው። ዓይኑ ጥርት ብሏል። ችግሩ ብርሃኑ ነው። ከኋላው የጠዋት ሰማይ አለ፤ ካሜራ ደማቅ ሰማይ ሲያይ ሁሉንም ነገር ያጨልማል። ስለዚህ ወፉ ጥላ ሆኖ ወጥቷል።

ፎቶው በራው (ካሜራው የተቀበለውን ሁሉ በሚይዝ ፋይል) መነሳቱ እዚህ ላይ ነው የሚያዋጣው። የተለመደው የፎቶ ፋይል፣ ጄፔግ፣ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ይይዛል። የእኔ ካሜራ ራው 14 ቢት ነው፤ 16,384 ደረጃ አለው። ጨለማው ውስጥ የተደበቀ ላባ ካለ ራው ውስጥ ይገኛል። ጄፔጉ ላይ ተመሳሳይ ነገር ብሞክር ጥላው ተቆራርጦ ይወጣል።

የምሠራው ዳርክቴብል በሚባል የፎቶ ኤዲት ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፤ የፎቶውን አንድ ክፍል ብቻ ለይቶ የሚያሠራ ማስክም አለው። በላይትሩም የሚሠራ ሰውም ተመሳሳይ መሣሪያ ያገኛል። ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን ብርሃን) በሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ከፍ አደረግኩ፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው። የሰማዩን ድምቀት ዝቅ፣ ጥላውን ከፍ አደረግኩ። ከዚያ ወፉን ብቻ በማስክ ከብቤ ትንሽ ኮንትራስት (የጨለማና የብርሃን ልዩነት) ጨመርኩበት። ሳየው ደስ አለኝ።

ከዚራ ፎቶ ቤት ላለው ጓደኛዬ ላክሁለት። መልሱ «አቦ ያምራል!» የሚል ነበር። ያምራል የሚለው ቃል ልብ ያሞቃል፤ ሥራውን ግን ወደፊት አይገፋም። ስለዚህ በአካል ሄጄ በሌላ መንገድ ጠየቅኩት። ፎቶውን ስልኬ ላይ ለጥቂት ሰከንድ አሳየሁትና ስልኩን ገለበጥኩት።

«መጀመሪያ ምን አየህ?»

«ቆርቆሮውን» አለ።

ግራ ጥግ ላይ የጣሪያው ቆርቆሮ ፀሐይ መትቶት ያብረቀርቃል። ከወፉ ዓይን ይልቅ የሚያበራ ነገር እዚያ አለ። ዓይን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ወደሚያበራው ይሄዳል። ቆርቆሮውን በማስክ አጨልሜ ከግራ በኩል ክሮፕ አደረግኩት። ሙሉ በሙሉ አላስወጣሁትም። ጣሪያው የዚህ ጭልፊት ቤት ነው፤ ሐረር መሆኑንም የሚናገረው እሱ ነው። የቀረው ክሮፕ 3,800 በ2,850 ነው፤ ለማሳጠብ ልክ ይበቃል።

ከዛሬ ጀምሮ ለማንም ፎቶ ሳሳይ «እንዴት ነው?» አልልም። «መጀመሪያ ምን አየህ? ቀጥሎስ?» እላለሁ። መልሱ ወፉ ካልሆነ የት መሥራት እንዳለብኝ ወዲያው አውቃለሁ።

ማክሰኞ፣ ሐረር

በጠዋት ሚኒባስ ይዤ በደንገጎ ወጥቼ ሐረር ገባሁ። ጭልፊቱን በ10 በ15 አሳጥቤ ይዤ ነበር። ሥጋ ተራው ውስጥ ረጅም ዘመን የሠሩ አንድ አባት አሉ፤ ፎቶ ሳነሳ ሁልጊዜ ቦታ ይሰጡኛል። ፎቶውን ሰጠኋቸው። ራቅ፣ ቀረብ አድርገው አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ቁራ ነው ጭልፊት?»

«ጭልፊት ነው አባባ።»

«የእኛ ጭልፊት እንዲህ አይጠቁርም። ጀርባው ቡና ነው። ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ቀላ ይላል። ቆይ ይመጣል፣ እየው።»

መጣ። አየሁት። እውነታቸውን ነው። ጀርባው ሞቅ ያለ ቡናማ ነው፤ የላባው ጠርዝ ደግሞ ፈዘዝ ያለ ነው። የጨመርኩት ኮንትራስት ያንን ቡናማ ወደ ጥቁር ገፍቶታል። ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብዬ ይህንን ላውቅ አልችልም ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ጥቁሩ ጉልበት ያለው ይመስላል።

ማታ ድሬ ተመልሼ እንደገና ሠራሁት። በጣም የጠቆረውን ክፍል ትንሽ አበራሁት። ኮንትራስቱን ቀነስኩ። ዋይት ባላንሱን (የቀለሙን ሙቀትና ቅዝቃዜ) ትንሽ ወደ ሙቀት ወሰድኩት፤ የጠዋት ፀሐይ ስለነበረ ይገባዋል። ቡናማው ተመለሰ። ሳሞቀው ግን ምንቃሩ ወደ ብርቱካንነት ሄደ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እዚህ የሚኖሩት ጭልፊቶች ሲያድጉ ምንቃራቸው ሙሉ ቢጫ ይሆናል። ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ዘመዶቻቸው ደግሞ የምንቃራቸው ጫፍ ጥቁር ነው። ወፍ የሚያውቅ ሰው ሁለቱን የሚለየው በዚያ ነው። ስለዚህ ምንቃሩን ለብቻው በማስክ ይዤ ወደ ቢጫነቱ መለስኩት።

ዓይኑን ግን አልነካሁትም። ብዙ ሰው የወፍ ዓይን ማብራት ይወዳል፤ አንድ ተንሸራታች መግፋት ብቻ ስለሆነ ቀላል ነው። የዚህ ጭልፊት ዓይን ጠቆር ያለ ነው። ካበራሁት ሌላ ወፍ ይሆናል። የፀሐይዋ ነጸብራቅ ዓይኑ ላይ ካለች በቂ ናት።

ሐሙስ፣ ቢጫው ጎጆ ሠሪ

ድሬ አካባቢ ግራር ላይ ጎጆ የሚሠራው ቢጫ ወፍ የሩፔል ስም የተሰጠው ነው። ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ ኢትዮጵያ የመጣ ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር። ወንዱ አካሉ ደማቅ ቢጫ፣ ፊቱ ደረት ነት የሚመስል ቀይ ቡናማ ነው። ጎጆው ሥር ተገልብጦ ሲያያዝ ሳየው ሁልጊዜ እገረማለሁ።

ቢጫ ቀለም አስቸጋሪ ነው። ፎቶው ውስጥ ደረቱ ላይ ላባ አይታይም፤ የተቀባ ግድግዳ ሆኗል። ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) ሳይ ምንም የተቃጠለ፣ ማለትም ከመጠን በላይ በርቶ ዝርዝሩ የጠፋ፣ ነገር የለም ይላል። ነገሩ የገባኝ ሦስቱን ቀለማት ለየብቻ ስከፍት ነው። ቢጫ ማለት ቀይና አረንጓዴ ከፍ ብለው ሰማያዊው ሲያንስ ነው። የሦስቱን አማካይ የሚያሳየው ሂስቶግራም ደህና ይመስላል፤ ቀዩ ግን ብቻውን ጣሪያ ነክቷል። ላባን ከላባ የሚለየው ልዩነት ደግሞ እዚያ ነበር የነበረው።

መፍትሔው ሳቹሬሽኑን (የቀለሙን ጥንካሬ) መቀነስ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የቢጫውን ድምቀት ወደ ታች አወረድኩ። ከዚያ ሳቹሬሽኑን ትንሽ ቀነስኩ። ላባው አንድ በአንድ ወጣ። ፎቶው ደበዘዘ ያልኩት ለአፍታ ነው። ጎን ለጎን ሳያቸው አዲሱ ይበልጥ ቢጫ ይመስላል፤ ጥላና ብርሃን አለውና።

ጥላ ውስጥ ስለነበር አይኤስኦው 3200 ነው፤ ኖይዝ (ጥራጥሬ የሚመስል ነጠብጣብ) አለው። ኖይዙን ከጀርባው ብቻ አጠፋሁ። ወፉ ላይ ትንሽ ተውኩ። ኖይዝ ማጥፊያ ኖይዝን ከላባ አይለይም፤ ሁለቱንም ያለሰልሳል። ሻርፕ ማድረጉን ደግሞ በተቃራኒው ወፉ ላይ ብቻ አደረግኩ። ምንቃሩ ዙሪያ ቀጭን ነጭ መስመር ከታየ በዝቷል ማለት ነው። ያ መስመር ስክሪን ላይ ሊያመልጥ ይችላል፤ ወረቀት ላይ ግን ከሩቅ ይታያል።

ዓርብ

ሳቢሳዋ ከሐረማያ ናት። ሐይቁ ደርቆ ከቆየ በኋላ ውኃ መያዙ ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው፤ የውኃ ወፎች ተመልሰው ሲያርፉበት ማየት ደግሞ የበለጠ። ነጭ ወፍ የጭልፊቱ ተቃራኒ ነው። ሦስቱም ቀለማት አንድ ላይ ከተቃጠሉ ራውም አያድነውም። ሲነሳ አንድ ስቶፕ አጨልሜው ስለነበር ላባው አለ። ሥራው አጭር ነበር። በጣም ነጩ ቦታ ከ255 ወርዶ 240 አካባቢ እንዲሆን አደረግኩ። ወረቀት ላይ 255 ማለት ባዶ ወረቀት ነው።

ሱፐርብ ስታርሊንጉንም ዛሬ ጨረስኩ። ጀርባው ሰማያዊ፣ ሆዱ ብርቱካናማ፣ ዓይኑ ነጭ የሆነው ወፍ ነው። ሰማያዊው ከላባው አሠራር የሚመጣ ብልጭታ ስለሆነ ብርሃኑ ሲዞር ይቀየራል። ትከሻው አረንጓዴ፣ ወገቡ ሰማያዊ ሆኖ ወጥቷል። አንድ ቀለም እንዲሆን አላስገደድኩትም።

ቅዳሜ፣ ፌስታሉ

የሳምንቱ ትልቁ ክርክር ይህ ነው። ጥንብ አንሳው ደረቅ ግራር ላይ ቆሟል። ፊቱ ላባ የለውም፤ ሮዝ ነው፤ ሲቆጣ ደግሞ ይቀላል። ያነሳሁት ከሌላ ጋር ሲጣላ ስለነበር ቀልቷል። ግሩም ፎቶ ነው። ከኋላው ግን ቅርንጫፍ ላይ ሰማያዊ ፌስታል ተሰቅሏል።

የፎቶ ቤቱ ጓደኛዬ አላመነታም። «አቦ አጥፋው! አንድ ደቂቃ አይፈጅም።» እውነቱን ነው። ዛሬ ስልክ እንኳ ያጠፋዋል። እሱ የሚያነሳው ሰርግ ነው። ከሙሽራዋ ኋላ ያለውን ባልዲ ማጥፋት ሥራው ነው፤ ማንንም አይጎዳም።

እህቴ ደግሞ ሌላ አለች። «ልጆቹ ወፉን የሚያዩት ከፌስታል ጋር ነው። ለምን ትደብቃቸዋለህ?»

ሁለቱንም ይዤ ሌሊቱን አሰብኩበት። በለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚዘጋጀው የዱር እንስሳት ፎቶ ውድድር ሕጉ ግልጽ ነው። ብርሃንና ቀለም ማስተካከል፣ የካሜራው ሴንሰር (ብርሃን ተቀባይ) ላይ ያረፈ አቧራ ከፎቶው ማጥፋት ይፈቀዳል። ቦታው ላይ የነበረን ነገር ማውጣት ወይም ያልነበረ መጨመር አይፈቀድም። እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ አሸናፊ ፎቶ ውስጥ ያለው እንስሳ ሕይወት የሌለው፣ የታጨቀ ነው ተብሎ ሽልማቱ ተሰርዟል። የእኔ ፎቶ ለውድድር አይደለም። ግን ለልጆች ነው፤ ለልጅ የሚታይ ፎቶ ከዳኛ ፊት ከሚቀርበው ያነሰ እውነት መያዝ የለበትም ብዬ አምናለሁ። ከዚያም በላይ ይህ ዓይነት ጥንብ አንሳ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ ወፎች ተርታ ተመዝግቧል። ከተማችን ውስጥ ከቆሻሻ ጋር ነው የሚኖረው። ያንን ቆርጬ ብጥል ስለ ወፉ የምነግራቸው ነገር ይጎድላል።

ፌስታሉ ቆየ። ዓይን እንዳይሰርቅ ግን የሰማያዊውን ሳቹሬሽን ቀነስኩ፤ ትንሽም አጨለምኩት። ጓደኛዬን ለጥቂት ሰከንድ አሳየሁት።

«መጀመሪያ ምን አየህ?»

«ፊቱን። ተቆጥቷል አይደል?»

«ቀጥሎስ?»

«ፌስታሉን» አለና ሳቀ። «እሺ፣ ይሁን።»

ሰኞ፣ ማሳጠብ

ከሁሉ በፊት የላፕቶፑን ብርሃን ወደ ግማሽ አወረድኩ። ስክሪን ራሱ ያበራል፤ ወረቀት ግን የክፍሉን ብርሃን ብቻ ይመልሳል። ደማቅ ስክሪን ላይ ደህና የሚመስል ፎቶ ወረቀት ላይ ጨልሞ የሚወጣው ለዚህ ነው። ፋይሎቹን በኤስአርጂቢ፣ በተለመደው የቀለም ስልት፣ አወጣሁ። ሁሉንም በትንሹ አሳጠብኩና እህቴ ክፍል ወስጄ መስኮቱ አጠገብ አየኋቸው። ጭልፊቱና ጥንብ አንሳው አንድ ሦስተኛ ስቶፕ ይፈልጉ ነበር። ጨመርኩ። ሌሎቹን አልነካሁም።

ወረቀቱን ማት መረጥኩ። የሚያብረቀርቀው ቀለሙን ያደምቃል፤ ግን የክፍሉ መስኮቶች ሰፋፊ ናቸው። የከሰዓት ፀሐይ ሲገባ ግማሹ ክፍል የሚያየው ነጸብራቅ ይሆናል።

ረቡዕ፣ ክፍሉ ውስጥ

ሰቀልናቸው። ልጆቹን ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኳቸው፤ መጀመሪያ ምን አያችሁ? ጥንብ አንሳው ጋ «ተናዷል!» የሚል ጩኸት ነበር። ቢጫው ጋ አንዷ ተነስታ የጎጆውን ክር በጣቷ ተከተለች። ጭልፊቱን ሁሉም አወቁት።

የጅራተ ረጅሟ ማውስበርድ ጋ ግን ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ «ወፏ የታለች?» አለ። ሄጄ እሱ ጋ ተቀመጥኩ። ልክ ነው። ከፊት ለሚያይ ቅርንጫፉ፣ ቅጠሉ፣ ጅራቷ ሁሉም ቦታ አለው። ከስድስት ሜትር ግን ወፏ ከቅጠሉ ጋር ትቀላቀላለች። ጅራቷ እንዳይቆረጥ ብዬ ሰፋ አድርጌ ነበር የተውኩት።

ማታ እንደገና ከፈትኳት። ክሮፑን ከቁመት ወደ ወርድ ቀየርኩ፤ ጅራቷ በሰያፍ ከጥግ ወደ ጥግ እንዲሄድ ትንሽ አዘነበልኩት። የቀረው 2,400 በ1,800 ፒክስል ነው። በ40 ሳንቲ ሜትር ላይ ይህ በኢንች 150 ፒክስል ገደማ ነው። በእጅ ተይዞ ለሚታይ ያንሳል፤ ከሁለት ሜትር በላይ ርቆ ለሚያይ ግን ልዩነቱ አይታይም። የቅጠሉን አረንጓዴ አጨለምኩ፤ እሷ ግራጫ ስለሆነች በዚያ ላይ ወጥታ ትታያለች። ፋይሉን ለፎቶ ቤቱ ልኬያለሁ። ዓርብ ከትምህርት በፊት እንቀይራታለን፤ ልጁ ከዚያው ወንበሩ ሆኖ እንዲያያት እህቴ ቀጥራዋለች።